«እግሩን ቆርጧል»

ከአንድ የስልክ መልእክት ውስጥ ሁለት ቃላት ያጠፋሁት ለምንድን ነው? አፍሬ ነው ወይስ የሚከተለውን እያወቅሁ? እስካሁን መልስ የለኝም። ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ለጥምቀት ሳምንት ሲቀረው ነው። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ስለሆነ ለቃል እሳሳለሁ። «ሐኪም» በተሳሳተው «ሀ» ተጽፎ ካየሁ እስክሪብቶ የማወጣ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለች ሴት ሁለት ቃል እንዲሁ አትጥልም።

ታላቅ ወንድሜ አያ መንገሻ ሠላሳ ዓመት በመተማ መንገድ ከባድ ማኪና ሲነዳ ኖሮ፣ አሁን አራዳ እኔ ዘንድ ነው ያለው። ከመንገዱ ይዞ የመጣው ሁለት ነገር ነው፤ ስኳር በሽታና ሲጋራ። ስኳሩን ዘመድ ሁሉ ያውቃል። ሲጋራውን የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። ታላቅ እህታችን እታለም ኮሶዬ በምትባል ቦታ ቄስ ነው ያገባችው፤ እነሱ ቤት ትንባሆ ስሙም አይነሳ።

አያ መንገሻ ትንሽ ሲራመድ ባቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። ሲቆም ይለቀዋል። «ብርድ ነው» ይላል። መቆሙ እንዳይነቃበት በየሱቁ ደጅ ዋጋ ይጠይቃል፤ የባልዲ፣ የምስማር፣ የሕፃን ጫማ። አንድ ባለሱቅ ከንግድ ቢሮ የተላከ ተቆጣጣሪ መስሎት በማግስቱ የዋጋ ዝርዝር ለጠፈ።

በኋላ የግራ እግሩን ትንሽ ጣት ጫማ ላጠው። ቁስሉ አልድን ብሎ ጠቆረ። እየጎተትኩ ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሙ እግሩ ላይ የደም ምት ፈልጎ ፈልጎ አጣ። ሲጋራው፣ ስኳሩና ያን ቀን የተገኘበት የደም ግፊት ተጋግዘው የእግሩን የደም ሥሮች እንዳጠበቡ፣ ደም የማይደርሰው ቁስል ደግሞ እንደማይድን አስረዳን።

«ሲጋራውን ዛሬ ያቁሙ፤ ነገ ሆስፒታል ይግቡ። አለበለዚያ ከጣቱ አልፎ እግርዎ ይቆረጣል» አለው።

አያ መንገሻ ሆስፒታሉን ለጥምቀት ማግስት ቀጠረው። ስለ ሲጋራው ግን ማለልኝ። የሚያጨሰው ከረንቡላ ቤት ስለሆነ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከከረንቡላ ቤት እግሬን ቆርጫለሁ» አለ። አመንኩት።

እታለም ስለ እግሩ ትጨነቅ ስለነበር እሱ ወጣ እንዳለ መልእክት ጻፍኩላት። የስልኩን መልእክት የሚያነቡላት ቄሱ ባሏ ናቸው። ይህን ሳስብ ሁለት ቃል አጠፋሁና እንዲህ አድርጌ ላክሁት፦

«እታለም፣ አያ መንገሻ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ነበር። ሐኪሙ ስለመከረው ዛሬ እግሩን ቆርጧል። አሁን ደስ ብሎታል።»

በማግስቱ ቀትር ላይ አንድ ሚኒባስ ደጃችን ቆመ። አሥራ አንድ ሰው ወረደ። እታለም ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። ቄሱ አዲስ የተጠረበ የወይራ ምርኩዝ ይዘዋል።

«ወንድሜስ?» አለችኝ እታለም።

«ወጣ ብሏል።»

«በምኑ?»

መልእክቴ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ፣ ዓረፍተ ነገሩ ምንም የሰዋስው ግድፈት የለበትም የሚል ነበር።

ይህን ሳስብ አያ መንገሻ በሁለት እግሩ ገባ። ሰዉን አየ፤ የእታለምን ነጠላ አየ። «ምነው? ማን ሞተ?» አለ።

እታለም ተንበርክካ ሁለቱንም ቁርጭምጭሚቶቹን ጨበጠች። አንዱን ለቃ ሌላውን፣ ሌላውን ለቃ አንዱን። «የቱ ነው የተቆረጠው?»

ቄሱ አጠገቡ ሲደርሱ አፍንጫቸውን ያዙ። «መንገሻ፣ ይህ ሽታ የምን ነው?»

«የናፍጣ ነው አባ።» ማኪና ከነዳ ሦስት ዓመቱ ነው።

ያን ጊዜ ሁሉንም አወጣሁት፤ ሲጋራውን፣ ከረንቡላ ቤቱን፣ «እግሬን ቆርጫለሁ» ብሎ መማሉን። ከኋላ የቆሙት ጎረቤቶች መሳቅ ጀመሩ። አያ መንገሻም አብሮ ሊስቅ ሲል እታለም ካልሲውን ሳበችው። ጣቱ እንደ ከሰል ሆኗል፤ ጥቁረቱ ወደ ሁለተኛው ጣት መሻገር ጀምሯል። ሳቁ ጠፋ።

«መልእክቱስ አልተሳሳተም» አሉ ቄሱ ቀስ ብለው። «ቀድሞ ደረሰ እንጂ።»

«ከጥምቀት በኋላ እገባለሁ ብያለሁ እኮ» አለ አያ መንገሻ።

«እኛ ለእግርህ ስንቅ ቋጥረን ነው የወጣነው» አለችው እታለም። «ሳትገባ ኮሶዬን አናያትም። ተነሥ።»

በዚያው ሚኒባስ ሆስፒታል ሄድን። በሩ ላይ ጥበቃው «ታማሚው የትኛው ነው?» ሲል አሥራ ሁለት ጣት ወደ አያ መንገሻ ተቀሰረ። እሱ ምርኩዙን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የሌላ ሰው አስታማሚ መስሎ ቆሟል።

የደም ሥሩን በቀዶ ሕክምና ከፈቱለት፤ ትንሹን ጣት ብቻ ወሰዱ። ቀዶ ሐኪሙ ጥቂት ቀን ብንዘገይ ኖሮ እግሩ ከጉልበቱ በታች ይቆረጥ እንደነበር ነገረን። ቄሱ ከዚያ በኋላ አንድ ወር በየቀኑ እየደወሉ «አጨስህ?» ይሉት ነበር። ሲጋራ ከተወ ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው።

እኔ ግን እረፍት አልነበረኝም። ሁሉም «ሸጋ ስህተት» እያለ ሲያመሰግነኝ፣ ስህተት መሆኑን እርግጠኛ ያልሆንኩት እኔው ነኝ።

በመስከረም አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነገርኩት። «አያ፣ ከረንቡላ ቤት የሚለውን ጽፌው ነበር። ያጠፋሁት ራሴ ነኝ።»

ቆመ። ባቱ የያዘው መስሎኝ ደነገጥሁ።

«እያወቅሽ ነው?»

«አላውቅም።»

«እንኳን አጠፋሽው» አለ። «መልእክቱን ስትልኪ እኮ እዚያው ከረንቡላ ቤት ነበርኩ። ብትተዪው ኖሮ ለቄስ ውሸት ትልኪ ነበር።»

የላክሁትም እውነት አልነበረም ልለው አፌን ስከፍት ቀድሞኝ መንገዱን ጀመረ። አምስት ሱቅ ሳይቆም አለፈ። ልደርስበት መሮጥ ነበረብኝ።