የበረኛው ካርድ

ይህን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ለባሌ አልነገርኩም፤ ለልጆቼም። እናቴ ልትሞት ስትል እጇን ይዤ ተቀምጬ እንኳን አልነገርኳትም። ለእናንተ የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። እንዳታዝኑልኝ። ሰምታችሁ ስትጨርሱ «ልጅ ነበርሽ እኮ» የምትሉ ከሆነ ከአሁኑ ተዉት። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ትላላችሁ አይደል? እኔ ያቦካሁት ለሄርማታ ሰፈር በሙሉ በቃ፣ ተርፎም ሌላ ከተማ፣ ሸቤ ደረሰ።

ምን ቆሰቆሰኝ? ሰርግ። ባለፈው የድሮ የሰፈራችን ልጆች፣ አሁን ሁላችንም ሽበታም፣ ጅማ አንድ ሰርግ ላይ ተሰባሰብንና ወሬው የማስቲካ ካርድ ላይ ወደቀ። «ሽታው! ያ ሽታው!» አለ አንዱ አፍንጫውን ይዞ። «ወይ ያ ዘመን» አለች ሌላዋ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሙና ጭኔን መታ አደረገችና «ዘሃራን የሚያሸንፍ ማን ነበር? እጇ እኮ የሰይጣን ነበር!» አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከሰርጉ ስወጣ ግን ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ። ከሐዘን እንዳይመስላችሁ፤ ከንዴት ነው። ስለ የትኛው ዘመን ነው እንዲህ የሚናፍቁት?

እሺ፣ ዘመኑን ልንገራችሁ። ጊዜው ደርግ ነው። ከጅማ ቡና ጭነው አሰብ የሚወርዱት መኪኖች ሲመለሱ ሾፌሮቹና ረዳቶቹ ማስቲካ ይዘው ይመጡ ነበር። ሱቅ ውስጥ ሳሙና እንኳን ብርቅ በነበረበት ጊዜ ማስቲካ ማን ይሸጣል? አንዷን ማስቲካ ለሦስት እናላምጣታለን፤ ሲመሽ ግድግዳ ላይ እንለጥፋታለን፤ ጠዋት እንደገና እናላምጣታለን። ነፍሳችን ግን ካርዱ ነበር። ከማስቲካው ጋር ተጠቅልሎ የሚመጣ የኳስ ተጫዋች ፎቶ። ስማቸውን ማንበብ አንችልም፣ አገራቸውን አናውቅም። ስለዚህ ስም እኛው አወጣንላቸው፦ ጺማሙ፣ ራሰ በራው፣ ባለ ካልሲው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ካርዱን መሬት ላይ በፊቱ እንደፋዋለን፣ ከዚያ በጎድጓዳ መዳፍ እንመታዋለን። የገለበጠ ይወስዳል። ከሴት ልጆች የምጫወተው እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ «ሴት ልጅ ከወንድ ጋር አፈር ስትደበድብ ትውላለች!» እያለች በኩርኩም ትለኝ ነበር። እኔ እቴ! አባቴ በርጩማ ጠራቢ ስለነበር መዳፌ እንጨት ሲይዝ ያደገ መዳፍ ነው። የሄርማታን ልጆች ካርድ ጠራርጌ ወሰድኩ፤ የአወቱ መንደራ ልጆች ሲመጡም የእነሱን ወሰድኩ። በዚህ ዛሬም እኮራለሁ። ያሸነፍኩትን በሐቅ ነው ያሸነፍኩት።

አንድ ካርድ ብቻ ጎደለኝ። በረኛው። አየር ላይ ተጋድሞ፣ ቢጫ ሹራብ ለብሶ፣ እጁን ዘርግቶ ኳሷን ሊይዛት ሲል የተነሳ። አንድ ልጅ አይቼዋለሁ ሲል ውሸታም ብለን አባረነዋል። እንቅልፌን ያሳጣኝ ይህ በረኛ ነው።

ሙና ጎረቤቴ ናት፤ በመሃላችን ያለው አንድ አጥር ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሟ ሸረፋ የቡና መኪና ረዳት ነበር። እኔ ለእናቴ አንድ ነኝ፤ ወንድም የለኝም። ሸረፋ ይህን ስለሚያውቅ ለሙና ማስቲካ ሲያመጣ ለእኔም ያመጣልኝ ነበር። ከመኪናው ሳይወርድ «ዘሃሪ፣ ኮቱ!» ይለኛል፤ ነይ ማለቱ ነው። እሮጣለሁ። ይህን የምነግራችሁ ማን ላይ እንዳደረግኩት እንድታውቁ ነው።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና የሚሉት መጣ። የሸረፋ ስም ቀበሌ ተጠራ። ሲጠራ እሱ አሰብ ነበር፣ እናቱ አዴ ፋጡማም «መኪናው ተበላሽቶበት እዚያው ቀርቷል» አሉ። ለቀበሌውም ለጎረቤቱም ይህንኑ አሉ። ሰዉ አመናቸው።

አንድ ቀን ሙና በጓሮ በኩል ጎተተችኝ። «ወላሂ ለማንም አልናገርም በይ።» «ወላሂ» አልኩ። ከቀሚሷ ውስጥ አወጣችው። በረኛው! «ሸረፋ ዛሬ ሌሊት ገባ» አለችኝ በሹክሹክታ፤ «ማድ ቤቱ ቆጥ ላይ ነው። አርብ አጎቴ መጥቶ ወደ ገጠር ይወስደዋል።» የሰማሁት ግማሹን ነው። ዓይኔ ካርዱ ላይ ነበር።

ለመንኳት። ማሎ፣ ማሎ ሙና አልኳት። ጺማሙን፣ ራሰ በራውን፣ ቆርቆሮ ሙሉ ካርዴን በሙሉ ልስጥሽ አልኳት። ሳቀችብኝ። «ወንድሜ ያመጣልኝን? አንቺም ወንድምሽን ላኪያ!»

ቀናሁባት። እሱን አልክድም። ግን ልጆች ሲጣሉ ከዚህ የባሰ ይባባላሉ፤ ሙና ያለችው ምንም አይደለም። ያደረግኩትን ያደረግኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ቦኖ ወረድኩ። የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። እኛን ልጆችን ማጫወት ይወድ ነበር። «ዘሃራ፣ ዛሬ ማንን ልታራቁቺ ነው?» አለኝ።

«ሙና በረኛውን አገኘች» አልኩት። «ሸረፋ አመጣላት።»

«መቼ?» አለ። እየሳቀ ነበር።

እዚህ ላይ ቁሙልኝ። «ዱሮ ነው» ማለት እችል ነበር። «እኔ ምን አውቃለሁ» ብዬ ባልዲዬን ተሸክሜ መሄድ እችል ነበር። አምልጦኝ ነው? አላመለጠኝም! የሸረፋ ስም መጠራቱን አውቃለሁ፣ ቆጡ ላይ መሆኑን አውቃለሁ፣ ሰውየው የያዘው ምን እንደሆነ አያለሁ። ወላሂ ብያለሁ። ሁሉንም አውቄ አፌን ከፈትኩና «ትናንት» አልኩ። ሙና እንድታለቅስ ፈልጌ ነው። ወንድም እንዳይኖራት ፈልጌ ነው። እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያልኩት።

ፀሐይ ሳትበረታ የቀበሌው ታጣቂዎች መጡ። ሸረፋን ከቆጡ አወረዱት፤ ፀጉሩ ጥላሸት ነበር። አዴ ፋጡማ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ሙና እግሩ ላይ ስትጠመጠም አንዱ ገፈተራት፣ ካርዶቿ ግቢው ላይ ተበተኑ። ሰፈሩ በሙሉ ሸረፋን ተከትሎ እየጮኸ ወጣ። እኔ ከግቢያቸው አልወጣሁም። ጎንበስ አልኩና በረኛውን አነሳሁት። አስተግፊሩላህ! ያንን ካርድ ከአፈር አንስቼ፣ በቀሚሴ ጠርጌ፣ ብብቴ ውስጥ ከተትኩት። ከልጅነቴ የምናፍቀው ምኑን ነው? እስቲ ንገሩኝ።

ሸረፋ ወደ ሰሜን ተጫነ። አልተመለሰም። የሞተበትን የነገራቸው የለም፤ አስከሬንም አልመጣም።

«ማን ነገረ?» ተባለ። ሰው ጥፋተኛ ካላገኘ እንቅልፍ አይወስደውም፤ የእኛ ሰፈር ደግሞ ወዲያው አገኘ። እትዬ ጥሩነሽ። ከሰሜን ሸዋ የመጡ ሴት ናቸው፣ ባል የሞተባቸው፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሻይ የሚያፈሉ። ሌላ ማስረጃ አልነበረም። ሻይ ያፈላሉ፤ በቃ! ቦኖ ላይ ሲመጡ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አነሱ። ዒድ ሲሆን የእሳቸው በር ታለፈ፤ ለፋሲካ የላኩት ዳቦ በር ላይ ተመለሰ። ከመለሱት አንዷ እናቴ ነበረች። በእናቴ ዛሬም ተናድጃለሁ። የእኔ ጥፋት የእኔ ነው፤ ዳቦውን የመለሳችሁ ግን እናንተ ናችሁ፣ የሄርማታ ሴቶች። ያንን እኔ ላይ አታላክኩ።

አንድ ቀን እትዬ ጥሩነሽ ቦኖው መሃል ቆሙ። ሴቶቹ ከብበዋቸዋል። አንዷን አዩ፣ ሌላዋን አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ዘሃራ ልጄ፣ እኔ እንዲህ አደርጋለሁ? አንቺ ታውቂያለሽ።» ሁሉም አየኝ። ባልዲዬ እስኪሞላ አጎንብሼ ጠበቅኩ። ሲሞላ ሄድኩ። ከሁሉ የከፋው የቱ ነው ብትሉኝ ይኼኛው ነው። ብዙም ሳይቆዩ እትዬ ጥሩነሽ ዕቃቸውን ጭነው ሸቤ ገቡ።

እነሆ ዕድሜ ሄደ። እኔና ሙና አብረን ተዳርን፣ አብረን ወለድን። አዴ ፋጡማ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ጉልበታቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው አልደከመም። ከሶላት በኋላ እጃቸውን ለዱዓ ያነሳሉ፣ ለሸረፋ ይለምናሉ፣ ከዚያ ጥሩነሽን ይረግማሉ። ሲረግሙ አጠገባቸው ተቀምጬ «አሚን» ብዬ አውቃለሁ። እኔ! በገዛ አፌ!

ከሰርጉ በኋላ አልቻልኩም። ሸቤ ሄድኩ። እትዬ ጥሩነሽን ደጃፋቸው ላይ ጎመን ሲቀነጥሱ አገኘኋቸው። እግራቸው ስር ተቀምጬ ነገርኳቸው። ቀና ሳይሉ ሰሙኝና «አውቃለሁ እኮ» አሉ። «ጀሪካኔን እየሞላሁ ከጀርባሽ ነበርኩ። ስትናገሪ ሰምቼሻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?» ብዬ ጮኽኩባቸው። አዎ፣ የበደልኳቸው ሴት ላይ ጮኽኩ!

«ብናገር አንቺን ነበር የሚበሉሽ። እኔ ጓዜን ይዤ እሄዳለሁ፤ አንቺ ወዴት ትሄጃለሽ? ራስሽ እንድትናገሪ ብዬ አየሁሽ። አልተናገርሽም። እኔ ይቅር ብዬሻለሁ፤ እኔን ተዪኝና ለሸረፋ እናት ንገሪያቸው።»

ይቅርታቸውን አልወደድኩትም። እንዲህ በቀላሉ? ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ አዴ ፋጡማ ቤት ገባሁ። ሙና ሻይ እየቀዳች ነበር። አዴ ሶላታቸውን ጨርሰው እጃቸውን አንስተዋል፣ ከሸረፋ ወደ ጥሩነሽ ሊሸጋገሩ ነው። «አዴ፣ ስሙን ተሳስተዋል» አልኳቸው። «እኔ ነኝ። ለጥበቃው የነገርኩት እኔ ነኝ፤ አውቄ ነው፣ ለካርድ ብዬ ነው። ካርዱንም እኔ ነኝ ያነሳሁት። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አልልም፤ ልጅ ነበርኩም አልልም። ከዛሬ ጀምሮ ሲረግሙ ዘሃራ ይበሉ፣ የአባ ዲጋ ልጅ።»

እጃቸው እንደተነሳ ቀረ። ሙና ሻዩን መቅዳቷን አላቆመችም፤ ብርጭቆው ሞልቶ ትሪው ላይ ይፈሳል። «ውጪ» አለችኝ። ወጣሁ።

ለይቅርታ የሚላኩ ሽማግሌዎች አውቃለሁ፤ አልላክኩም። ሰፈሩ ሰምቷል፤ አንዳንዱ ፊቱን ያዞርብኛል፣ ያዙር። አንዳንዷ «ምን አስቀባጠረሽ፣ ተዳፍኖ ይቀር ነበር እኮ» ትለኛለች። እሷን ነው የማልወዳት።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ደጃፌ ላይ ቆሜ ሳለ አንድ መኪና በሙና ቤት በኩል መጣ። አዴ ፋጡማ ከፊት ተቀምጠዋል፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፤ ሙና ከኋላ፣ ጭኗ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ትልቅ ዳቦ ይዛለች። መንገዱ ወደ ሸቤ የሚወስደው ነው። ሾፌሩ ዝግ ሲል ሙና በመስኮቱ አየችኝ፣ አዴም አዩኝ። ሰላም አላሉኝም። ደግ አደረጉ።