አሮጌው አፕ በብሉቱዝ መጣልኝ

"አብሽር ልጄ፣ እኔ በብሉቱዝ እልክልሃለሁ!" አሉኝ ዛሬ መካነ ሰላም ገበያ ላይ አንድ እህል ነጋዴ፣ ጋሽ ሰይድ።

የማላውቀው መስሏቸው ሊልኩልኝ ያሰቡት እኔው የሠራሁትን የቀን መቁጠሪያ አፕ ነው፤ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም በዓል የያዘውን። ያውም አሮጌውን፣ ጃቫ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍኩትን!

ክረምቱን ሙሉ ኮትሊን የሚባለውን አዲስ ቋንቋ ተምሬ፣ አፑን ከዜሮ እንደገና ስጽፈው ነው የከረምኩት። ወገቤ ይመስክር።

ለካ እዚህ በዳታ አፕ የሚያወርድ የለም። ከስልክ ስልክ ይቀባበሉታል፤ የሚዞረውም አሮጌው ነው።

"አዲስ ወጥቷል እኮ ጋሼ" ብላቸው፣ "ይሄ ምን ጎደለው? አረፋንም ሆነ ፋሲካን ስቶ አያውቅም" አሉ።

ለመከራከር ስለደከመኝ ብሉቱዜን ከፍቼ ተቀበልኩ።

እውነትም አይስትም።

እስቲ የለፋችሁበት ነገር ማንም ሳያየው የቀረባችሁ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልሁን።