«መሬት ለአራሹ ከሆነ በሬውን መዝግቡት» ያሉን ወይዘሮ ዘርፌ

ከወይዘሮ ዘርፌ ጋር የተዋወቅንበትን ዓመት በትክክል አላስታውስም፤ ማረፋቸውን የሰማሁበትን ማለዳ ግን አልረሳውም። የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ በደጄ ሲያልፍ ስማቸውን ጠራ። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁና «የትኛዋ ዘርፌ?» አልኩት። «ስንት ዘርፌ አለን፣ አባባ?» ብሎኝ አለፈ። እውነቱን ነው፤ አንድ ነበሩ።

በአሰላም በሁሩታም በበቆጂም ላላችሁ ወዳጆቻቸው ይህን የምጽፍላችሁ እኔ ገበሬ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነውና ቃሉ ቢጎረብጣችሁ ታገሡኝ።

ወይዘሮ ዘርፌ በደርግ ዘመን የአካባቢያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነበሩ። አባታቸው ከሸዋ መጥተው አርሲ የሰፈሩ ናቸው፤ እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው ያደጉ ስለሆኑ ሲቆጡ ኦሮምኛው ይቀድማቸው ነበር። አራስ ሊጠይቁ ሲሄዱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሉና ሳይቀመጡ እንስራውን አንሥተው ወደ ምንጭ ይወርዳሉ። ሊቀመንበር ከሆኑም በኋላ ይህን ልማዳቸውን አልተዉም።

አሁን የምነግራችሁ ነገር መሬት ለአራሹ ከታወጀ ጥቂት ዘመን በኋላ የሆነ ነው። እህቴ በቀለች ባሏ በሕመም ሞተባትና ሁለት ሴት ልጆች ይዛ ቀረች። በሬ ስላልነበራት ማሳዋን የማርስላት እኔ ነበርኩ። የመሬት ሽግሽግ ሲመጣ የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች «መሬት ለአራሹ ነው የተባለው። በቀለች አታርስም። የሚያርሰው ወንድሟ ነው፤ እሱ ደግሞ የራሱን ድርሻ ይዟል» አሉ። ማሳው ለሌላ ሊሰጥ ነው ማለት ነው። እኔ የምመግበው የራሴ ብዙ ነበር። እህቴ ያንን መሬት ካጣች ልጆቿን ይዛ አሰላ ሰው ቤት በግርድና ከመግባት ሌላ መንገድ አልነበራትም።

ወይዘሮ ዘርፌ ይህን ሲሰሙ «አራሽ ከፈለጉ አራሽ እናሳያቸዋለን!» አሉ። በዚያን ጊዜ የማኅበሩ ሴቶች ሐሳብ ይኸው ነበር፤ ወንድ የሚሠራውን ሴትም ከሠራች እኩል ትሆናለች የሚል። እኔ በሬዎቹን ጠመድኩ፣ በቀለች እርፉን ጨበጠች። በእኛ ዘንድ ሴት ስታርስ ያየ አልነበረምና ሰው ሥራውን ትቶ መጥቶ በማሳው ዳር ቆመ። በሬዬ ቦራ የሴት ድምፅ ከኋላው ሲሰማ ቀጥ አለና ዞሮ አያት።

«ምን ያድርግ፣ ልታልበው የመጣች መስሎት ነው!» አለ አንዱ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

«አንተንም ያሳደገህ ሴት ያለበችው ወተት ነው፤ አፍህን ዘግተህ እይ!» አሉት ወይዘሮ ዘርፌ።

የመጀመሪያው ትልም እንደ እባብ ተጣመመ። ፀሐይ ከፍ ስትል ግን ቀጥ እያለ መጣ። በዚያ ክረምት እህቴ ማሳዋን ራሷ አርሳ ዘራች፤ የገበሬ ማኅበሩም ነገሩን እስከ አዝመራው አቆየው።

በአረሙ ወራት ይመስለኛል፣ ከወይዘሮ ዘርፌ ጋር እህቴን ልንጠይቅ ሄድን። በቀለች የወፍጮውን መጅ እንደያዘች በተቀመጠችበት እንቅልፍ ወስዷታል። ታላቋ ልጇ ከእሷ የሚበልጥ እንስራ አዝላ ከምንጭ ገባች። በመሠረተ ትምህርቱ ከሁላችንም ቀድማ ታነብ የነበረች ልጅ ናት።

«ትምህርቱስ፣ ልጄ?» አሏት ወይዘሮ ዘርፌ።

«እማዬ እርሻ ስትጀምር ተውኩት።»

ወይዘሮ ዘርፌ ነጠላቸውን አጣፉና እህቴን ሳይቀሰቅሱ የቀረውን እህል ፈጩላት። ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም ብለው «ተሳስቻለሁ፣ ወንድሜ» አሉኝ። «ቀንበሩን አላወረድኩላትም፤ ሌላ ደረብኩባት። ልጅቱንም አብሬ ጠመድኳት።»

«ታዲያ ምን ይሻላል፣ እትዬ?»

«እርፍ ሳትጨብጥም እስከ ዛሬ የሠራችውን፣ አረሙንና አጨዳውን ይቁጠሩላት። ሌላ አልፈልግም።»

ከአዝመራው በኋላ በትልቁ ጽድ ሥር ለሽግሽጉ ተሰበሰብን። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ቱፋ የበቀለችን ስም ሲጠሩ ወይዘሮ ዘርፌ ተነሡ።

«ኦቦ ቱፋ፣ ዘንድሮ ስንዴዎን ማን አረመው?»

«ሚስቴ ናት።»

«ማን አጨደው?»

«አብረን ነው ያጨድነው።»

«ነዶውን ማን ተሸከመ?»

«እሷና ልጆቹ። እኔማ አርሻለሁ!»

«አረሱ እንዴ? እኔ እንዳየሁት ሞፈሩን የጎተተው በሬው ነው። መሬት ለአራሹ ከሆነ እንግዲህ በሬውን መዝግቡት!»

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ፤ ኦቦ ቱፋም ራሳቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን አልሳቁም። «ቀልድ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ሚስቴ ከሞተች ወዲህም አርሳለሁ። ማሳዬን ግን አረም በላው።» ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም።

ማሳው በበቀለች ስም ጸና። ወንዶቹ በደቦ ሊያርሱላት፣ እሷም በአረምና በአጨዳ ልትመልስላቸው ተስማማን። መጀመሪያ በሬ ይዘው የመጡት ኦቦ ቱፋ ናቸው። ልጅቱም ወደ ፊደሏ ተመለሰች።

ወይዘሮ ዘርፌ በዚያ አላበቁም። አንድ ካድሬ ከከተማ መጥቶ ሴቶቹ ለበዓል ሰልፍ እንዲወጡ ቢያዝ «እንወጣለን፤ ከሰልፉ በኋላ ግን የእህል ወፍጮ ይምጣልን» አሉት። ብዙ አመላልሰው ወፍጮው መጣ። ወፍጮው ሲመጣ ደግሞ ጠለፋ ይቅር ማለት ጀመሩ፤ ልጅ ሳትጠየቅ አትዳርም ብለው ከስንቱ አባት ጋር ተጣሉ። አንዲት ወጣት «እትዬ፣ እርስዎ እኮ ጥያቄዎ አያልቅም፤ ሁልጊዜ ይለዋወጣል» ብትላቸው «ልብስ አጥቤ ሳሰጣ የለበስኩት ይቆሽሻል። ታዲያ ማጠቡን ልተወው?» አሏት።

ወይዘሮ ዘርፌ፣ በቀብርዎ ላይ ጥቂት ልናገር ተነሥቼ ነበር፤ ድምፄ ከዳኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያልቻልኩትን ይኸው በጽሑፍ አደረስኩ። እርስዎ የሰውን እንስራ ሲሸከሙ ኖረዋልና አሁን ይረፉ። ስለ እኔም አያስቡ። ሰው ከድንኳኑ ሲበታተን ብቻዬን አልቀረሁም። ክንዴን ይዛ ያነሣችኝ፣ ከገዛ ማሳዋ ስንዴ ንፍሮ ቀቅላ መጥታ «ብላ እንጂ፣ እሳቸው ያተረፉልኝ ነው» እያለች በመዳፌ ያደረገችልኝ፣ ይህን ሐዘን ያሻገረችኝ እህቴ በቀለች ናት።