የየኔታ ደረት

የኔታ ከዳባት ወጣ ብላ ባለች ደብር ዜማ ያስተምራሉ። እኔ ደባርቅ ሆስፒታል የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ያን ቀን አክታቸውን ስመረምር ሦስተኛ ጊዜዬ ነበር። ከዓመታት በፊት ቲቢ ይዟቸው መድኃኒቱን ጨርሰው ድነዋል፤ ሳሉ ግን አልለቀቃቸውም። አክታቸው አረንጓዴ ሆኖ እንደ ተልባ ይሳባል።

«የቲቢ ጀርም የለም፣ የኔታ» አልኋቸው።

«እንግዲያ ምን አለ፣ ልጄ? ዜማውን ጀምሬ ሳልጨርስ ያንቀኛል። ተማሪዎቼ አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቁኛል።»

«የለም» ብሎ መሸኘቱ አስጠላኝ። ከአክታው ጥቂት ወስጄ በጨው ውሃ አቀጠንሁና ማይክሮስኮፕ ሥር አየሁት። እንደ ዘንግ የቀጠኑ ባክቴሪያዎች ወዲያና ወዲህ ይወረወራሉ። በመካከላቸው ደግሞ ተጣብቀው የተከማቹ፣ ንቅንቅ የማይሉ አሉ።

ሐኪሙን ጠራሁት። «ባክቴሪያውን አሳድገን የሚገድለውን መድኃኒት የምንለይበት ዕቃ የለንም፤ ባለፈው ለሳሉ የሰጠናቸውን መድኃኒት እንድገምላቸው» አለኝ።

«ሁለት ጊዜ ተደግሟል እኮ! ናሙናው ጎንደር ይሂድ።»

«ማን ይወስደዋል?»

«ነገ እረፍቴ ነው። እኔው።»

በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርሁ፤ የበረዶ ሳጥኑን ጭኔ ላይ አስቀምጬ። መንገድ ላይ፣ ኮሶዬ ስንደርስ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሴት «ሥጋ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «የሰው አክታ ነው» ስላቸው እስከ መስኮቱ ድረስ ተጠጉ።

ጎንደር ሆስፒታል ላብራቶሪ ናሙናውን የተቀበለችኝ አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ናት። በሳምንቱ ውጤቱን ልወስድ ስመለስ የየኔታን ባክቴሪያዎች ያሳደገችበትን አንድ የመስታወት ቱቦ አሳየችኝ። ፈሳሹን ደፍታ ደጋግማ ብታጥበውም ግድግዳው ላይ ስስ ልባስ ቀርቷል።

«እነዚህ መዋኛ ጅራት አላቸው» አለችኝ። «የሚይዙት ግድግዳ ሲነኩ ግን በውስጣቸው ምልክት ይነሣል። መዋኘቱን ይተዉና የሚያጣብቅ ነገር እያመነጩ አብረው ይሰፍራሉ። በየኔታ ሳንባም የሆነው ይህ ሳይሆን አይቀርም። መድኃኒት የሚዋኙትን ይገድላል፤ ልባሱ ውስጥ ያሉትን ግን በቀላሉ አይጨርሳቸውም። ኋላ ጥቂቶቹ ተላቅቀው፣ እንደገና ዋኝተው ሌላ ቦታ ይይዛሉ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«የሚሠራው መድኃኒት ወረቀቱ ላይ አለልሽ። እሱ ብቻውን ግን አይበቃም። አክታው በየቀኑ ይውጣ፤ አይደላደልላቸው።»

ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ መድኃኒቱን ቀየረ። የኔታን በጎን አስተኝቶ፣ አክታው እንዲወጣ ባለቤታቸው መዳፋቸውን ጎድጎድ አድርገው ጀርባቸውን እንዲመቱ፣ እሳቸውም በኃይል «ሃ!» እያሉ እንዲተነፍሱ አሳያቸው።

የኔታ ቀና አሉ። «ዕድሜዬን ድምፅ ሳስተምር ኖሬ፣ ዛሬ እንደ አህያ ላናፋ?»

«አዎ፣ የኔታ። ጠዋትና ማታ።»

«እሳቸው ቢተዉት እኔ አልተወውም» አሉ ባለቤታቸው።

የኔታ ግን ተዉት። ሁለት ሳምንት ሞክረው ሲሻላቸው፣ መድኃኒቱንም «ሃ»ውንም ተዉና ትኩሳት ይዟቸው ተመለሱ። ተናደድሁ፤ ግን ታላቅ ናቸውና ቁጣዬን ዋጥሁ። «የኔታ፣ ተማሪ ቀለሙን ግማሽ ላይ ቢተውብዎ ምን ይሉታል?»

«ከመጀመሪያው ጀምር እለዋለሁ» አሉ።

ከመጀመሪያው ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላጓደሉም ይላሉ ባለቤታቸው። ሳሉ ጨርሶ አልጠፋም፤ ሐኪሙም ይጠፋል ብሎ አልዋሻቸውም። ግን ክብደት ጨመሩ፤ አሁን ዜማውን ሳያቋርጡ ይዘልቁታል።

እኔ ግን በአንድ ሰው መሻል ዝም ማለት አልቻልሁም። እንደ እሳቸው የሚያስሉ ስንቶችን «የለም» ብዬ ሸኝቻለሁ! ባክቴሪያ ማሳደጊያ ይሰጠን ብዬ ለሆስፒታሉ ኃላፊ ማመልከቻ ጻፍሁ። ሁለት ጊዜ ተመለሰብኝ። ሦስተኛውን በእጄ ይዤ ቢሮው ገባሁ፤ መልስ ካልሰጠኸኝ አልነሣም ብዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ።

አሮጌ ማሳደጊያ ከሌላ ሆስፒታል መጣልን። በሩ በወጉ ስለማይገጥም በፋሻ አስሬዋለሁ። ዛሬ ጠዋት አራት ናሙና አስገብቻለሁ።