ዳሶም ከሐዘንተኞቹ ወገን

ዳሶም በደቡብ ኮሪያዋ ጉንሳን ከተማ ጋዜጠኝነት ስትማር ሦስቱን ዓመት በጥሩ ውጤት ነው የጨረሰችው። ጥያቄ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ምንጭ እንዴት እንደሚጠበቅ በቃሏ ታውቃለች። በአራተኛው ዓመት የከተማው ትንሽ ጋዜጣ ለሙከራ ሲወስዳት ግን የተማረችው ሁሉ ከበር ውጭ ቀረ። በመጀመሪያው ሳምንት የአንድ ሟች ዕድሜ ተሳስታ ጻፈች። በሁለተኛው ለቅሶ ቤት ተልካ፣ የሟች ወንድም ሲያለቅስ አብራው አልቅሳ ባዶ እጇን ተመለሰች።

ሦስተኛ ስህተት እንደማይኖር አለቃዋ ፒዮ ሳይደብቅ ነገራት።

"ብረት ፋብሪካ ውስጥ አንድ ልጅ ማሽን በልቶታል። ኡጂን ይባላል፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። እስከ አስር ሰዓት ፎቶውንና የእናቱን ቃል ይዘሽ ነይ።"

"እናቱ እምቢ ካሉስ?"

"መጀመሪያ ለሟቹ ፎቶ ስገጂ፣ ለለቀስተኛ የሚቀርበውን ሾርባ ብዪ፣ ከዚያ ጋዜጠኛ ነኝ በዪ። የበላ እንግዳ አይባረርም። ይህም ካቃተሽ ኮሌጅሽ ተመለሺና ግጥም ተማሪ።"

ለቅሶው እንደ አገሩ ልማድ በከተማው ሆስፒታል ምድር ቤት ነው። የኡጂን ፎቶ በነጭ አበባ ተከቧል። ከጎኑ፣ ሐዘንተኞች ተሰልፈው ለቀስተኛ በሚቀበሉበት ቦታ፣ እናቱ ወይዘሮ ናም ብቻቸውን ቆመዋል። ባላቸው ሞቷል፤ ሌላ ልጅ የላቸውም። ዳሶም ለፎቶው ሁለት ጊዜ፣ ለእናቱ አንድ ጊዜ ሰገደች። ቀና ስትል እጇን ያዟት።

"አንቺ ነሻ! ኡጂን ለመኸር በዓል ይዣት እመጣለሁ ያለኝ ፍቅረኛው። ስሟን ብጠይቀው አፍሮ ወጥቶ ሄደ። ቆንጆ ናት አለኝ እንጂ እንዲህ ከሲታ ናት መቼ አለኝ!"

ዳሶም "አይደለሁም" ልትል አፏን ከፈተች። ሾርባው ቀረበ። ከበላሁ በኋላ እነግራቸዋለሁ አለች በልቧ፤ አለቃዋም ያላት ይህንኑ አይደል? ሴትዮዋ አጠገቧ ተቀምጠው ስልካቸውን አወጡ። ኡጂን የፋብሪካ ቆብ አድርጎ የሚስቅበትን ፎቶ ላኩላት።

"ይኑርሽ" አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ማሽኑ ሁለት ሰው ነበር የሚፈልገው። ልጄን ብቻውን አቆሙት። ያ ጥግ የተቀመጠው ሰውዬ የፋብሪካው ነው። ለጋዜጣ አንዲት ቃል ብናገር ጥፋቱን በልጄ ላይ እንደሚያላክኩ ነግሮኛል። ላንቺ ግን ልናገር እንጂ። ለማን ልናገር ታዲያ?"

ዳሶም ማንኪያውን አስቀመጠች። መናገር የነበረባት ከመስገዷ በፊት ነበር። አሁን ምን ብላ ትጀምር?

ወይዘሮ ናም የሐዘንተኛ ነጭ ሪባን ፀጉሯ ላይ ሰኩላት።

"አጠገቤ ቁሚልኝ። ከጠዋት ጀምሮ ብቻዬን ነኝ።"

ቆመች። ለቀስተኞች ሲሰግዱ እሷም ሰገደች። አንዲት አሮጊት ጉንጯን ዳበሷት። "አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ትረሺዋለሽ" አሏት። በሩ በተከፈተ ቁጥር እውነተኛዋ ፍቅረኛ የገባች እየመሰላት ቀና ብላ ታያለች።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ስልኳ ጠራ። ኮሪደር ወጣች።

"አገኘሽ?" አለ ፒዮ።

ፎቶው ስልኳ ውስጥ ነው። የማሽኑን ነገር በአንድ መስመር ብትነግረው ነገ የፊት ገጽ ነው።

"አላገኘሁም።"

"እናትየውስ?"

"አልተናገሩም።"

"በልተሻል?"

"በልቻለሁ።"

ፒዮ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየም። "እንግዲህ የጋዜጣውን መታወቂያ በር ላይ ለጥበቃው ስጪ። እኔ ዘንድ መምጣት አያስፈልግሽም።"

ዳሶም ስልኩን ዘጋች። ሥራው ሄደ። ኡጂን ብቻውን መቆሙንም ማንም አያነበውም፤ የፋብሪካው ሰው ጥግ ይዞ ሾርባውን በሰላም ይበላል። ቢያንስ ለእናቱ ልንገራቸው ብላ ሪባኑን ልትነቅል እጇን አነሳች።

"ልጄ!" አሉ ወይዘሮ ናም ከውስጥ። "የት ሄድሽብኝ? ሰው መጣኮ።"

እጇን አወረደችና ገባች።