ከአበልጅ ጋር ዋጋ አልከራከርም

ይህን ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ በንዴት መራገሜን ሁሉ ተናዝዣለሁ፤ እዚህች ላይ ስደርስ ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። እናንተ ቄስ አይደላችሁም። መስቀል አታሳልሙኝም፣ «ይፍታሽ» አትሉኝም። ለእናንተ መናገር ይቀለኛል ብዬ ነው የጀመርኩት፤ እስኪ እንየው።

የበደልኩት ሰው ተሾመ ይባላል። አበልጄ ነው። ልጄን ቢኒያምን ክርስትና ያነሳልኝ እሱ ነው፣ ኬንያ፣ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ፣ በሸራ ድንኳን ሥር። ደርግ ሲወድቅ ከባሌ ጋር ድንበር ተሻግረን ነበር የገባነው። ባሌ ወታደር ነበር፤ ልጁን ሳያይ ወባ ወሰደብኝ። እኔም ከወለድኩ በኋላ ታምሜ ስተኛ የእኔን ካርድ ይዞ ራሽን ሰልፍ የሚቆምልኝ ተሾመ ነበር። ያኔ ሰው ለሰው በማይተዛዘንበት ጊዜ፣ አንድ ቀን እንኳ ከዱቄቴ አንድ ጣሳ አጉድሎብኝ አያውቅም። ይህን መጀመሪያ የምናገረው ምን ዓይነት ሰው ላይ እንዳደረግኩት እንድታውቁ ነው።

ካምፑ ሲዘጋ ሰው ተበተነ። እኛ ሁለታችን ሞያሌ ቀረን፣ በኬንያው በኩል። እኔ ማንያታ በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት ከፈትኩ፤ ሩዝ፣ ቻፓቲ፣ የፍየል ሥጋ። እሱ መኪና እያጠበ ጀመረ፣ ረዳት ሆነ፣ ሾፌር ሆነ፣ በመጨረሻም መኪና ሻጭ። ወደ ማርሳቢት ከተማ የሚወስደው አስፋልት ሊያልቅ ሲል ከተማው በሙሉ መኪና መኪና ይል ጀመር። ተሾመ ከሞምባሳ ነጋዴ አዲስ መኪና በዱቤ እያመጣ ይሸጣል። አዲስ ስንል ኬንያ መሬት ላይ ያልተነዳች ማለታችን ነው። ከብቱን ሸጦ የመጣ ሰው የመኪና ሆድ ገልጦ ምን ያያል? ተሾመ ጤነኛ ናት ካለ ጤነኛ ናት፤ በቃ። መኪናዎቹ የሌላ ሰው ገንዘብ ናቸው። የራሱ የሆነ ነገር ቢኖር ስሙ ብቻ ነበር።

እኔም ለቢኒያም መኪና ልገዛለት ቆረጥኩ። እቁቤ ወጣልኝ፣ ያጠራቀምኩትን ጨመርኩበት፣ ሰባት ሰው የምትጭን ነጭ መኪና ተሾመ ግቢ ውስጥ አይቼ ልቤ ወደዳት። ልጄ ማርሳቢት እየተመላለሰ ይሠራባታል አልኩ።

እኔን የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል፤ ገበያ ላይ ለአንድ ሺሊንግ ፀሐይ እስክትጠልቅ የምከራከር ሴት ነኝ። ፍየል የሚሸጡልኝ ሰዎች ስመጣ ሲያዩ «መጣችልን» ይባባላሉ። ከአበልጅ ጋር ግን አልከራከርም። ነውር ነው። የእናቴ ቤትም እንደዚያ ነበር፤ ከአበልጅ ጋር የዋጋ ክርክር የጠላት ሥራ ነው። እሱ ራሱ የመጨረሻውን ይነግረኛል፣ እኔ ቆጥሬ እሰጠዋለሁ፣ እንመራረቃለን። እንዲህ አስቤ ነው የሄድኩት።

ግቢው ስገባ ተሾመ የሞምባሳው ነጋዴ አጠገብ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጧል። ተነስቶ ሳመኝ፣ ወንበር ሰጠኝ። ነጯን መኪና ስንት ትላለህ አልኩት። ጮክ ብሎ፣ በስዋሂሊ፣ «ላኪ ቲሳ» አለኝ። ዘጠኝ መቶ ሺህ።

ለእኔ። በስዋሂሊ። መንገደኛ ይመስል።

ዝም አልኩ። እሱም ጠበቀኝ። ፈገግ ብሎ «በይ እንጂ አበልጅ፣ ተናገሪ» አለኝ። የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። ምን እናገራለሁ? ቀንስልኝ ብዬ ልለምነው? አስቤበት እመለሳለሁ ብዬ ተነሳሁ። «ቁጭ በይ እንጂ፣ ገና ምኑን ተነጋገርንና» እያለ እስከ በሩ ተከተለኝ። ዞሬም አላየሁት። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ይላሉ፤ የእኔ ዘመድ ግን ሸጠኝ እያልኩ ቤቴ ገባሁ።

ከኬላው አጠገብ ሌላ መኪና ሻጭ ነበር፤ አያውቀኝም፣ አላውቀውም። ተመሳሳይ መኪና ጠየቅኩት። አንድ ሚሊዮን አለኝ። ሳቅሁበት። ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ ሻዩን ጠጣሁለት፣ የመኪናዋን ጎማ ሰደብኩ፣ መስታወቷን ሰደብኩ፣ እሱም ልጆቼን ልታስርቢ ነው አለኝ፤ በሦስተኛው ቀን በስምንት መቶ ሺህ ተጨባበጥን። መኪናዋን ይዤ ስወጣ በሆዴ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባዳው ያዘነልኝን ያህል አበልጄ አላዘነልኝም። ባዳው የጠራው ከተሾመ በላይ እንደነበረ፣ ያወረድኩት በምላሴ እንደሆነ አላሰብኩም። ሕፃን የሚያስበውን እንኳ አላሰብኩም። መከዳት ፈልጌ ነበር እንዴ? አንዳንዴ እንዲህ እላለሁ፤ ሰው ከተከዳ በኋላ የሚያደርገው ሁሉ የተፈቀደለት ይመስለዋል።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ።

ብዙም ሳይቆይ፣ በምሳ ሰዓት፣ ጃርሶ የሚባል የኦቦ መንደር ሰው ምግብ ቤቴ ገባ። ደንበኛዬ ነው። ከወንድሞቹ ጋር ሆነው ከብት ሸጠው ከተሾመ ፒካፕ ሊገዙ ቀብድ ሰጥተዋል። እጁን ታጥቦ ከመቀመጡ ጠራኝ።

«ማማ ቢኒ» አለኝ፤ እዚህ በልጄ ስም ነው የሚጠሩኝ። «ተሾመ ያንቺ ሰው ነው። ያች ፒካፕ ደህና ናት?»

ደህና ናት ማለት እችል ነበር። አላውቅም ማለትም እችል ነበር፤ እውነቱም እሱ ነበር፣ ፒካፗን በዓይኔም አላየኋትም። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ «እኔ ለልጄ ከእሱ አልገዛሁም» አልኩ። ጃርሶ ቀና ብሎ አየኝ። ለምን አለኝ። «ተገልብጣ የተነሳች ናት፤ ቆርቆሮዋን አቅንቶ ነው ቀለም ያስቀባት። አንድ እሷ ብቻም አይደለች» አልኩት።

ይኼው ነው። ተገልብጣ የተነሳች ናት አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም፣ አልሰከርኩም፣ አልተቆጣሁም እንኳ፤ የሥጋውን ሰሃን እያስቀመጥኩለት ነው የተናገርኩት። ስናገር ደግሞ ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ደስ አለኝ፤ ሩዝም ጨመርኩለት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሌላ ሰው ቢያወራው ምቀኛ ነው ይሉት ነበር። ከገዛ አበልጁ ቤት ወጣ ሲባል ግን ማን ይጠራጠራል? ጃርሶ ቀብዱን አስመለሰ። ለወንድሞቹ ነገረ፣ ወንድሞቹ ለጎረቤት ነገሩ፣ ወሬው ኦቦን አዳርሶ ተመልሶ ማንያታ ገባ። ሲመለስ አንዷ መኪና ላይ ሦስት ሰው ሞቶባት ነበር። እኔ ሰው አልገደልኩም ነበር፤ ሌላው ጨመረበት። ቀብድ የሰጠ ሁሉ ቀብዱን ሊያስመልስ ተሰለፈ። ተሾመ መማል ያዘ፤ ሲምል ደግሞ ባሰበት። የሞምባሳው ሰው መጥቶ መኪናዎቹን አስነስቶ ወሰደ። ግቢው ተዘጋ። ተሾመ ቤቱን ሸጦ ዕዳውን ከፈለና ርቆ ኢሲዮሎ ከተማ የሌላ ሰው ጭነት መኪና ሊነዳ ተቀጠረ። በዚያ ዕድሜው።

እስከዚህ ያለው አንዱ በደሌ ነው። የሚብሰው ቀጥሎ ያለው ነው።

ሊሄድ ሲል ሊሰናበተኝ መጣ። ምግብ ቤቱ ባዶ ነበር። ውኃ ሰጠሁት፣ አልጠጣውም። አንገቱን ደፍቶ እንዲህ አለኝ፦

«አበልጅ፣ ወሬው ከአንቺ ቤት ነው የወጣ ይሉኛል። እኔ ቢኒያም ይሆን አልኩ። ከዚያኛው ነጋዴ የተገዛችውን መኪና ስለሚነዳ፣ ገበያ ሊያመጣለት ይሆናል አልኩ። እውነት ነው?»

እኔን አልጠረጠረም። ሊጠረጥረኝ አልቻለም። ሰዎች «ከማማ ቢኒ ቤት» ብለው ነግረውት እሱ ራሱ ልጁን መርጦ ነው የመጣው፤ ከእኔ ይልቅ ልጁን መጠርጠር ቀሎታል። ልጄ ያን ሰዓት ማርሳቢት ነበር፤ ስለ ተሾመ ክፉ ቃል ተናግሮ አያውቅም። የገና ዕለት መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ጋ ነበር።

አይደለም፣ እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ልጅነት ነው አበልጅ፤ ስለ እኔ ብለህ ይቅር በለው» የሚል ነው።

ሰማችሁኝ? ልጄን ሰጠሁት። በፕላስቲክ ሸራ ሥር አቅፎ ክርስትና ያነሳውን ልጅ፣ እንዲህ አደረገህ ብዬ ሰጠሁት። ይቅርታውንም ለመንኩለት፤ የራሴን ይቅርታ በልጄ ስም።

ተሾመ ያልጠጣውን ውኃ ወደ እኔ መለሰው። ከዚያ «ይቅር ብዬዋለሁ» አለ። «እንዳወቅኩ ግን አትንገሪው። ልጅ ነው፣ ያፍራል።»

ተነስቶ በሩ ጋ ሲደርስ ዞረና፣ ሌላ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው፣ «ያን ቀን ግን ለምን ዝም አልሽ?» አለኝ። መቼ አልኩት። «መኪናዋን ስትጠይቂኝ። ባለገንዘቡ አጠገቤ ተቀምጦ፣ እሱም እንዲሰማ በስዋሂሊ የገበያውን ዋጋ ጠራሁ። ሳልጠየቅ ብቀንስ ንብረቴን ለዘመዶችህ ታድላለህ ይለኛል። አንቺ ግን ገበያ ላይ እንደምታደርጊው ብትይዢኝ፣ እፊቱ ተሸነፍኩ ብዬ በሰባት መቶ ሃምሳ ልሰጥሽ ነበር። ትርፌን ልተውልሽ ነበር። ብትናገሪ እያልኩ ስጠብቅ ተነስተሽ ሄድሽ።» ሳቅ አለ። «አንቺን ዝም ያሰኘ ዋጋ እኔ ብቻ ነኝ የጠራሁት» ብሎ ወጣ።

እኔ ከአበልጅ ጋር መከራከር ነውር ነው ብዬ ዝም አልኩ። እሱ ሳትከራከሪ እንዴት ልስጥሽ ብሎ ጠበቀኝ። ሁለታችንም አክብረን ነው። ይህን ሳስብ ለራሴ ማዘን ይቃጣኛል፤ ወዲያው ግን በጃርሶ ሰሃን ላይ የጨመርኩት ሩዝ ትዝ ይለኛል። እሺ፣ የዋጋው ነገር ሳይገባኝ ነው። ተገልብጣ የተነሳች ናት ያልኩትስ ሳይገባኝ ነው? ልጅነት ነው ያልኩትስ? ያን ቀን ሮጬ መንገድ ላይ ብደርስበት ገና ጥግ አልታጠፈም ነበር። ምን ያዘኝ? ምንም አልያዘኝም። ቆሜ ጠረጴዛ ወለወልኩ።

ዓመታት አለፉ። ቢኒያም አግብቶ ወንድ ልጅ ወለደ። ልጁን ማን ክርስትና ያንሳው ሲባል ለአፍታ አላሰበም፤ ጋሼ ተሾመ እንጂ ሌላ ማን አለ። በስልክ አይባልም ብሎ እስከ ኢሲዮሎ ነድቶ ሄደ። እኔ አልከለከልኩትም። አልነገርኩትምም። መንገዱን በሙሉ ምን ይለው ይሆን እያልኩ ወጥ ሳሳርር ዋልኩ።

በማግሥቱ ተመለሰ። ወጥ ቤት ገብቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠና መሬት መሬቱን አየ።

«እምቢ አለኝ፣ እማዬ» አለ። «ልጅህን አላነሳም አለኝ። ያኔ ይቅር ብዬሃለሁ፣ ይቅርታዬን አላፈርስም፣ ልጅህን ግን አላነሳም አለኝ። ከዚያ ምሳ ጋብዞኝ ሸኘኝ።» ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ ተሾመ ይቅር ያለኝ ምን አድርጌው ነው?»

እኔም «አርጅቷል፣ ተወው» አልኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሰው አሳልፌ ሰጠሁ። መጀመሪያ ተሾመን፣ ከዚያ ልጄን ለተሾመ፣ ከዚያ ደግሞ ተሾመን ለልጄ።

ሕፃኑን የጎረቤት ሰው አነሳው። ደግሼ አበላሁ፣ እልል አልኩ። ቢኒያም እስከ ዛሬ በዓል በመጣ ቁጥር ለተሾመ ይደውላል፤ ተሾመም ያነሳል፣ እንኳን አደረሰህ ይለዋል፣ ቶሎ ይዘጋል። ከዚያ ልጄ ስልኩን ይዞ ይቀመጥና ያስባል፤ ምን ብዬው ይሆን፣ መቼ አስቀይሜው ይሆን እያለ፣ በሌለበት ኃጢአት ራሱን ይመረምራል። አንዳንዴም «እማዬ፣ አንቺ ታውቂ ይሆን?» ይለኛል።

እናንተን ይቅርታ አልለምናችሁም። ይቅርታ አንዴ ለምኜ ተሰጥቶኛል፤ የሚከፍልበት ግን ልጄ ነው፣ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ «አላውቅም ልጄ» እለዋለሁ።