ኦብራድ ያልጨበጠው እጅ

በሞራቫ ወንዝ ዳር ባለችው ከተማ ኦብራድን ሰው ሁሉ የሚያውቀው በሁለት ነገር ነበር፤ በፈጣን እግሩና በማይበርድ ንዴቱ። የብረት ማቅለጫው ሠራተኞች ያቋቋሙት የቅርጫት ኳስ ክለብ፣ ሊቫትስ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ኳስ አከፋፋይ አደረገው። ወደ ቀለበቱ ሲሸመጥጥ ተከላካዮች የሚያዩት ጀርባውን ብቻ ነበር።

ሃያ አራት ዓመት በሞላው ክረምት ዘሎ ሲወርድ ግራ ጉልበቱ ቀጭ አለ። ሐኪም ቤት ወስደው የጉልበቱን ውስጥ ፎቶ አስነሡት። ውጤቱን የተቀበለው አሰልጣኙ ሚሎራድ ነበር። መጥቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«ወለምታ ነው፣ አትሞትም! በሳምንት ውስጥ ትሮጣለህ።»

ኦብራድ አመነው። ጉልበቱን ጠፍሮ፣ መርፌ እየተወጋ ሦስት ወር ተጫወተ። ሲያነክስ ተመልካቹ «ሽማግሌው፣ ምርኩዝ እናምጣልህ?» ይለዋል። እሱም ይሳደብና ደግሞ ይሮጣል።

አንድ ቀን የክለቡ ወጌሻ ዴሳንካ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ስታሸው የኖረችው ባልቴት፣ ጉልበቱን እየዳበሰች ድንገት እንባዋ መጣ።

«አክስቴ፣ ምን ሆነሻል?»

«ወለምታ አይደለም፣ ልጄ። ልም አጥንትህ ተቀዷል። አሰልጣኙና የክለቡ ኃላፊዎች ያኔውኑ ያውቁ ነበር። ‹የጥሎ ማለፉ ጨዋታ እስኪያልቅ አፍሽን ዝጊ› አሉኝ።»

«አንቺም ዘጋሽ?»

ኦብራድ የቅባቱን ጠርሙስ ግድግዳ ላይ ፈጠፈጠውና እያነከሰ ወደ ሜዳው ገባ። ቡድኑ ልምምድ ላይ ነበር።

«ኮች፣ ታውቅ ነበር?»

ሚሎራድ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። «ቡድኑ ይፈልግህ ነበር። ብነግርህስ ታቆም ነበር?»

«እሱን የምወስነው እኔ ነኝ! እግሩ የኔ ነው!»

«ቀስ በል፣ ልጆቹ ይሰማሉ።»

«ይስሙ! ነገ ተራው የነሱ ነው!»

መለያውን አውልቆ ወረወረለትና ወጣ። ከጓደኞቹ አንድም የተከተለው አልነበረም። ከጉልበቱ ይልቅ የቆጠቆጠው ይሄ ነው።

ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ፍጥነቱ ግን አልተመለሰም። ሌስኮቫትስ በምትባል ከተማ ያለ አንድ የታችኛው ዲቪዚዮን ቡድን ተቀበለው። እዚያ በእልህ ሌላ ጨዋታ ተማረ። ኳሷን ዝቅ አድርጎ ያነጥራል፤ ይቆማል፤ የሚወረውር መስሎ ትከሻውን ያነሣል። ተከላካዩ ሲዘል በብብቱ ሥር ሾልኮ ያልፋል፣ ወይም ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ለጓደኛው ያቀብላል።

«ይሄ ሰውዬ ይራመዳል እንጂ አይጫወትም» ብሎ አንድ ጎረምሳ ተከላካይ ሳቀበት። ኦብራድ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አሥራ አራት ነጥብ አስቆጠረበትና፣ «አንተ ሩጥ፣ እኔ ልራመድ» አለው።

በሠላሳ አንድ ዓመቱ ቡድኑ ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን አደገና ሊቫትስን ሊገጥም መጣ። ኦብራድ ኳስ በነካ ቁጥር የገዛ ከተማው ሰው አፏጨበት። እሱ ነጥብ የሆኑ አሥራ አንድ ኳሶች አቀበለ፤ ግን በሁለት ነጥብ ተሸነፉ።

ፀጉሩ የሸበተው ሚሎራድ እጁን ዘርግቶ መጣ። ፎቶ አንሺዎች ተከትለውታል።

«ድንቅ ነበርክ፣ ኦብራድ። ያለፈው ይለፍ በቃ።»

«ላንተ አልፏል። እኔ ጠዋት ደረጃ የምወርደው መደገፊያ ይዤ ነው።»

እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ አለፈው።

አውቶቡስ ውስጥ አንዱ ጓደኛው፣ «ብትጨብጠው ምን ነበረበት?» አለው።

«ዝም በል» አለ ኦብራድ። በመጨረሻው ደቂቃ የሳታትን የቅጣት ውርወራ እየረገመ ሌስኮቫትስ ደረሰ።